ቀለም የማይለየው ዓይናማ

ሰው ከአባቱ አጥንትና ስም ይወርሳል ይባላል። ዓይናማው ከአባቱ የወረሰው አንድ ወንበር፣ አንድ ቅጽል ስምና የፋብሪካው ንብረት የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። አጥንቱን ማንም አልቆጠረውም።

ወንበሩ በክር ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ፣ ከብቸኛው መስኮት ሥር ነው። እዚያ ላይ የሚቀመጥ ሰው ቀለም ለዪ ይባላል። ከገንዳ የወጣውን ፈትል ደንበኛው ከላከው ናሙና ጋር ያስተያይና "አለፈ" ወይም "ይመለስ" ይላል። አባትየው ሠላሳ ዓመት ተቀምጦበት አንዱን ቀይ ከሌላው ቀይ በሩቁ ይለይ ስለነበር ዓይናማው አሉት። ሳንባው በእንፋሎት ሲያልቅ ወንበሩ በፋብሪካው ደንብ መሠረት ወደ ልጁ ተላለፈ። ደንቡ አጭር ነው፦ ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ አንድ ልጁን ይተካል፤ ልጁ ሥራው ላይ እስካለ ድረስ ቤተሰቡ ከፋብሪካው ቤት አይወጣም። ከወንበሩ ጋር ስሙንም አስረከቡት። የዓይናማ ልጅ ዓይናማ ነው፣ ዘር ከልጓም ይስባል ብለው። ተረት ደግ ነገር ነው፤ ማስረጃ አምጣ የሚለው የለም።

ችግሩ ልጅየው ቀይን ከአረንጓዴ አለመለየቱ ነበር።

ሰማያዊ ያያል። ቢጫም አይጠፋውም። ቀይ፣ አረንጓዴና ቡኒ ግን ለእሱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሦስቱም ጭቃ መስለው ይመጡበታል። እናቱ ይህን ያወቀችው ገና በሕፃንነቱ፣ የበሰለ ቲማቲም ለቅመህ አምጣ ብላ ልካው ዘንቢል ሙሉ ጥሬ ይዞላት ሲመጣ ነው። አልተቆጣችም። የገዛ ወንድሟም እንደዚያው ነበርና። "ለአባትህ እንዳትነግር" አለችው፤ አልነገረም። ሃያ ዓመት ሲሞላው አባትየው እያሳለ ቅጹን ፈረመለት፤ ልጁም "አባባ፣ እኔኮ አላይም" ቢል ሰውየው ከሳሉ በፊት በሐፍረቱ እንደሚሞት ስለገባው አፉን ዘግቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አፍ አንዴ ከተዘጋ መክፈቻው ይጠፋል።

ያዳነችው ታላቅ እህቱ ናት። እትዬ ይላታል። በዚያው ክፍል ፈትል አስጪ ነበረች፤ የተነከረውን ሽቦ ላይ ትሰቅላለች፣ ከደረቀው አንድ ቱባ መዝዛ ለቀለም ለዪው ታደርሳለች። በመጀመሪያው ቀን ቱባውን ይዛ ስትመጣ ወንድሟ ላብ በላብ ሆኖ አየችው። ተመለሰችና ከጫፉ ላይ አንድ ቋጠሮ ቋጥራ አመጣችለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቋጠሮ "አለፈ"፣ ሁለት "ቀዩ አንሷል"፣ ሦስት "አረንጓዴው በዝቷል" ሆነ። ዓይናማው ቱባውን ይቀበላል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጫፉን በጣቶቹ ያሻል፣ ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል። ቋጠሮ እየቆጠረ መሆኑን ማን ይገምት?

እንዲህ ሆነና ዝናው ከአባቱ በለጠ። "አባቱ በዓይኑ ነበር የሚያየው፤ እሱ በጣቱ ያያል!" ተባለ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዓይኑን ጨፍኖ ክር ማሸት ይጀምራል። አንድ ገንዳ አጣቢ ጭራሽ "ወይን ጠጅ ቀለም ትንሽ ይሻክራል፣ ቡኒ ይለሰልሳል" ብሎ ምሳ ሰዓት ላይ ትምህርት ሲሰጥ ተሰምቷል። ያዳመጡትም አዎ እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። የፋብሪካው እውነተኛ ቀለም ለዪ ግን በፈትል አስጪ ደረጃ የተመዘገበች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ ነበረች። ብዝበዛን ለማየት ሩቅ የሚሄዱ አሉ፤ አንዳንዱ ብዝበዛ በአንድ ጡት ያደገ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሰውየው ከእህቱ ተለይቶ አንድ ቀን መሥራት አይችልም። እሷ በወሊድ ስትተኛ እሱ ወገቡ ተያዘ። እሷ ታይፎይድ ሲይዛት እሱም ታመመ። "እናንተ መንታ ናችሁ እንዴ?" ይሏቸው ነበር። የተሻለ ፋብሪካ መጥቶ በእጥፍ ደመወዝ ሲለምነው "ይህን ቤት አልከዳም" አለ፤ አለቆቹም ስለ ታማኝነቱ የምስክር ወረቀት ሰጡት፤ ወረቀቱ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ነው፣ እሱ ቡኒ እንደሆነ ያምናል። በአፍላነቱ ለባለቤቱ "ቀይ ቀሚስ" ብሎ የገዛላት ቅጠልያ ነበር፤ እሷም ቅኔ መስሏት አገባችው። በቤቱ ውስጥ ምስጢሩን የማታውቀው ድመቷ ብቻ ናት።

ዘንድሮ እትዬ ዕድሜዋ ደረሰና የጡረታዋ ደብዳቤ ወጣ። እስከ ወሩ መጨረሻ ናት። ዓይናማው ደብዳቤውን እንደሰማ እሱም ጡረታ ጠየቀ፣ ደረቴን እያለ። እንግዲህ ምትክ ማስገባት ሊኖርበት ነው። ልጆቹ ሁለት ናቸው። ታላቁ ወንድ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ታፔላ ጸሐፊ፤ ከጥፍሩ ሥር ቀለም ጠፍቶ አያውቅም። ታናሿ ሴት ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ከቅየሳ ትምህርት ቤት የተቀባይነት ደብዳቤ ከመጣላት ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ትምህርት ቤቱ በአውቶቡስ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ምዝገባው የሚከፈተው ሰኞ ዕለት ሆኖ በዚያው ሳምንት ይዘጋል፤ ያለፈው ያልፈዋል። ልጅቷ እግሯ ጠፍ መሬት ላይ ቆሞ፣ በመነጽር አሻግራ ርቀት ስትለካ ራሷን በሕልሟ አይታለች። በፋብሪካ ግቢ ውስጥ ተወልዶ በፋብሪካ ፉጨት ለሚነቃ ሰው ሩቅ ማየት ራሱ ሙያ ነው።

እራት ላይ አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ።

"የምትክ ቅጹን ሞላሁ፤ ሰኞ ያስጀምራሉ።"

"የማንን ስም?" አለ ወንዱ፣ እጁን ወደ ዳቦው ሰዶ።

"የእህትህን።"

ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"አባዬ፣ ተሳስተህ ነው" አለ ወንዱ። "እሷኮ መሄጃ አላት። ቦታውን የምፈልገው እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ ነገርኩህ?"

"አንተ አትችልም።"

"ለምን?"

"ወንድ ነሃ።"

እናትየው ሳቋ አመለጣት። "ይሄስ አዲስ ነው! እኔ እስከማውቀው ሴት ነሽ ተብለን የምንከለከለው እኛ ነበርን።"

"አትሳቂ አንቺ ሴትዮ፤ የዘር ነገር ነው" አለ ዓይናማው፣ በጣቶቹ እየቆጠረ። "የእናቴ ወንድም አያይም። እኔ አላይም። እናቴ ታይ ነበር፤ እትዬ ታያለች። ወንድ ወንዱን ነው የሚይዘው። የኔ ዓይን ካንተ ወዴት ይሄዳል?"

አራት ሰው ቆጥሮ የተፈጥሮን ሕግ ደመደመ። ከዚያ ባነሰ ማስረጃ አገር የሚመሩም ስላሉ በእሱ ብቻ መፍረድ አይገባም።

"እኔኮ ቀኑን ሙሉ ቀለም ነው የምቀባው!" አለ ልጁ። "የሥጋ ቤቱን ቀይ፣ የፋርማሲውን አረንጓዴ ማን የቀባው መሰለህ?"

"ጣሳው ላይ ተጽፎ የለም?"

ልጁ ተነስቶ ወጣ። ወረቀታቸው የተላጠ ሁለት ጣሳ ይዞ ገባና ጠረጴዛው ላይ ደቅኖ ክዳናቸውን ከፈተ። "ይሄ ቀይ። ይሄ አረንጓዴ።"

ዓይናማው አጎነበሰ። ሁለት ጣሳ ጭቃ አየ።

"ትክክል መሆንህን በምን አውቃለሁ?"

"ትክክል ነው" አለች እናትየው፤ "እኔ አለሁ አይደል?"

"እናቱ ነሽ። እኔንም የሸፈነችኝ እናቴ ናት።"

"እሺ፣ ደንበኞቼስ?" አለ ልጁ። "ሥጋ ቤቱን አረንጓዴ ብቀባው አይናገሩም?"

"ለእኔ ማን ተናገረኝ? ሃያ ስድስት ዓመት!"

የሰውየው ክፋት አልነበረም። ልጁ በደንብ ባወቀ ቁጥር አባትየው "እንዴት ጎበዝ አስመሳይ ወጣው!" እያለ ያዝንለታል። የማያይ ሰው የሚያይን ሰው ሊፈትን ሲቀመጥ ፈተናውን ማለፊያ መንገድ የለም።

"እኔስ?" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። "እኔን የጠየቀኝ ሰው አለ?"

"ትምህርት የትም አይሄድም፤ ይደርሳል። ከቤቱ ከወጣን ግን አበቃ" አለ አባቷ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ። "አንቺ ታያለሽ፣ ልጄ። አንቺ እንደኔ በቋጠሮ አትኖሪም። ቀና ብለሽ ትሠሪያለሽ።"

ስጦታ የሰጣት መስሎት ነበር።

ቅጹ አንድ ስም ብቻ ይቀበላል፤ በቀለም ከተጻፈ በኋላም አይሰረዝም። መውጫው አንድ ነው፦ የተጻፈው ልጅ ለሥራው ብቁ አይደለም ብሎ የፋብሪካው ክሊኒክ ካረጋገጠ ተራው ወደ ሁለተኛው ልጅ ይዞራል። ልጅቷ ይህን ሦስት ጊዜ አነበበችና ሐሙስ ጠዋት ለምርመራ ሄደች።

የክሊኒኩ ነርስ ከመጣች ገና ስምንት ወሯ ነው። በጣት ስለሚያየው ሰው የሚነገረውን ተረት ገና አልተከተበችም። ልጅቷን አስቀምጣ በነጠብጣብ የተሞላ መጽሐፍ ገለጠችላት፤ በነጠብጣቦቹ መሃል በሌላ ቀለም ነጠብጣብ የተጻፈ ቁጥር ተደብቋል።

"ይሄ ስንት ነው?"

"አሥራ ሁለት።" ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው ዕቅዷ ትዝ ያላት።

"ይሄስ?"

"ነጥብ ነው።"

"ይሄ?"

"ነጥብ።"

"ይሄኛው?"

"ሲስተር፣ ይቅርታ፣ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየኝ።"

የመጀመሪያው ገጽ ቀለም የማይለየውም ሰው የሚያነበው ነው፤ ዋሾ እንዲያዝበት ሆን ተብሎ የገባ። ልጅቷ ይህን አላወቀችም፤ የመለሰችው ሳታስብ ነው። ውሸቷ በአጋጣሚ የባለሙያ ውሸት ሆነላት። ነርሷ ብዕሯን አስቀምጣ አየቻት።

"ሴት ላይ ስንት ዓመት ፈልጌ አላገኘሁትም። አባትሽም አያይም ማለት ነው።"

ልጅቷ ደነገጠች። "አባቴን ማን አነሳው?"

"አንቺ ነሽ ያነሳሽው፤ አሁን። አባትሽ ምንድነው የሚሠራው?"

"እዚሁ ነው። ቀለም ለዪ ነው።"

ነርሷ ሳቀች። ልጅቷ እንዳልሳቀች ስታይ አቆመች። ከመሳቢያዋ የቁስል ማሰሪያ አውጥታ በመቀስ ቆረጠች፤ ሦስት ረጃጅም፣ አንድ አጭር።

"እዪ። ሰውነታችን የሚሠራበት መመሪያ በጥንድ በጥንድ ክር ላይ ተጽፏል በይው፤ ክሮሞዞም የሚሉት ነው። ከየጥንዱ አንዱን ከእናትሽ፣ አንዱን ከአባትሽ ትወስጃለሽ። ወንድና ሴት የሚለየው በአንዱ ጥንድ ነው። ሴት ሁለት ረጅም አላት። ወንድ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። ቀይና አረንጓዴ የምንለይበት መመሪያ ያለው ረጅሙ ላይ ነው፤ አጭሩ ላይ የለም።" አንዱን ረጅም ማሰሪያ በአዮዲን ነካችው። "ሴት አንዱ ቢበላሽባት ሁለተኛው ይሸፍንላታል። ታያለች፤ የተበላሸውን ግን ይዛው ትዞራለች፣ ለልጆቿም ልታወርሰው ትችላለች። ወንድ መለዋወጫ የለውም፤ ያችው አንዷ ከተበላሸች አለቀ። አሁን አንቺ አላይም ካልሽ ሁለቱም ተበላሽተዋል ማለት ነው። አንዱ የመጣው ከአባትሽ ነው። አባትሽ ደግሞ ያለው አንድ ረጅም ነው።"

"እሱ ከተበላሸ አያይም" አለች ልጅቷ።

"በትክክል።"

አባቷን ሳትነካ ልታመልጥ ያሰበችው ልጅ አባቷን አሳልፋ ሰጥታ ቁጭ አለች። የዋሸችው ስለ ራሷ ነው፤ ውሸቷ ግን ስለ አባቷ እውነት ተናገረ። ከዚያ ጠየቀች፦

"ወንድ ልጅስ? ከአባቱ አይወርስም?"

"ከአባቱ የሚወስደው አጭሩን ነው፤ ወንድ የሆነውም በዚያ ነው። ረጅሙን ከእናቱ ይወስዳል። ይሄ ነገር ከአባት ወደ ወንድ ልጅ አይሻገርም።"

ልጅቷ በአዮዲን የቆሸሸውን ማሰሪያ አየችው። አባቷ በወንድሟ ዓይን ውስጥ ሲፈልገው የኖረው ነገር እዚያ አልነበረም። እሷ ዘንድ ነው ያለው፤ ከእናቷ በመጣው ደህናው ክር ተሸፍኖ፣ እሷም ይዛው ስትዞር።

"አባትሽን ጥሪው" አለች ነርሷ። "እሱን ሳልመረምር ይህን ወረቀት አልሰጥም።"

ዓይናማው ኮሪደሩ ላይ ደረሰ፣ እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ሆኖ። የዚያን ቀን ገንዳው ሰማያዊ ነበር፤ በሰማያዊ ቀን ብቻ ነው በራሱ የሚሠራው፣ ፊቱም ይፈካል። ልጅቷ የሆነውን ስትነግረው ፈካ ያለው ፊቱ ጠፋ።

"ምን አልሻት?"

"አላይም አልኳት።"

"ታያለሽ እኮ!"

"አዎ።"

"እኔን ልታጋልጪኝ?"

"ራሴን ላወጣ ነው፣ አባዬ። አንተ እንደምትገባበት አላወቅኩም።"

ግድግዳውን ተደገፈ። "ግቢና ዋሽቼ ነው በያት። ልጅ ናት ብላ ትተውሻለች።"

"ከዚያስ? ሰኞ ወንበሩ ላይ ልቀመጥ?"

ሰማያዊ እጁን አገላብጦ አየ።

"አንተ መዋሸት የለብህም" አለችው። "ትገባለህ፤ የሚታይህን ትናገራለህ። አንድ ቀን ብቻ እውነት ትናገራለህ። ከዚያ ወረቀቱ ወደ ወንድሜ ይዞራል፤ ቤቱ የትም አይሄድም፤ እኔም እሄዳለሁ።"

"የወንድምሽ ዓይን..."

"የወንድሜ ዓይን የእማዬ ነው። ካንተ የወሰድኩት እኔ ነኝ።" ያንን የቁስል ማሰሪያ ወሬ በአጭሩ ነገረችው። አንድ ጊዜ ብቻ አቋረጣት፤ "ምንም ከኔ አልወሰደም?" ሲል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በልጁ ላይ ያለቀሰው በከንቱ እንደነበር ሲገባው ደስ ይለዋል ብላ ጠብቃ ነበር። ፊቱ ላይ የታየው ግን የተቀማ ሰው ቁጣ ነው።

ቢሆንም ገባ። ነርሷ መጽሐፉን ከፈተችለት። የመጀመሪያውን አነበበ። በሁለተኛው ላይ ዓይኑ ተጨፈነ፣ ጣቱም ወደ ገጹ ሄደ።

"ጋሼ፣ ገጹን አይንኩት፤ ይቆሽሻል።"

ጣቱን ሰበሰበ። ገጹ ላይ ቋጠሮ የለም። እትዬም በሩ ላይ የለችም።

"አላይም፣ ሲስተር" አለ። "አይቼም አላውቅ።"

ለፌዝ የተመቸ ሰው ነው፤ ለዚህች ቃሉ ግን እጅ ይነሳል። ሃያ ስድስት ዓመት የታሰረባትን ሰንሰለት በአራት ቃል አወለቃት። ወንዱ ልጅ ተጠርቶ መጣና ገጾቹን ከዳር እስከ ዳር እንደ ታፔላ ጮክ ብሎ አነበባቸው። ነርሷ ሦስት መስመር ጻፈች፦ አባት ቀይና አረንጓዴ አይለይም፤ ሴት ልጅ አትለይም፤ ወንድ ልጅ ይለያል፣ ለሥራው ብቁ ነው። ከሥሩ የማቅለሚያ ክፍሉ አለቃ ፊርማ ብቻ ቀረ። ያን ዕለት ሦስቱ የቤተሰቡ ሰዎች ግቢውን ሲያቋርጡ ያየ ሰው ከሠርግ የሚመለሱ ይመስሉት ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የማቅለሚያ ክፍል አለቃ ቢሮ ውስጥ ግን መስኮቱ እንፋሎት ይዞታልና ንጋትም ፈቃድ ይጠይቃል።

አለቃው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ወንዱን ልጅ ውጭ እንዲቆይ አዘዘና ነርሷን አስጠራት። ዓይናማውና ልጅቷ በሩ አጠገብ ቆመዋል።

"ሲስተር፣ አንድ ነገር አስረጂኝ፤ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ" አለ፣ የተማረ ሰው እንዲህ ሲል መፍራት ነው። "ሴት ልጅ አባቷ የሚያይ ከሆነ ይሄ በሽታ ሊኖርባት ይችላል?"

"በሽታ አይባልም። ግን አይችልም፤ እጅግ ብርቅ የሆነ ነገር ካልገጠመ።"

"ሕግ ነው?"

"ሕግ ነው በሉት።"

"ጥሩ።" ከመደርደሪያው አንድ እቅፍ የናሙና ካርድ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። እያንዳንዱ ላይ 'በዓይናማው ታይቶ ያለፈ' ይላል፤ ከሥሩ የአለቃው ፊርማ አለ። "ይህ ሃያ ስድስት ዓመት ነው። አንድ የተመለሰ ጨርቅ የለም። እንግዲህ ይህ አባት ያያል። አባቷ ካየ ልጅቷ ታያለች። ሕጉ ያንቺ ነው፤ እኔ አልጨመርኩበትም። ልጅቷ ካየች ደግሞ ብቁ ናት፤ ብቁ ከሆነች ተራው ወደ ወንዱ አይዞርም። ወረቀትሽ የት ጋ እንደተሳሳተ ታየሽ?"

ነርሷ አፏ ተከፈተ። "ሁለት ክር ያስመጡና እዚሁ ፊታችን ይለይ።"

"አያስፈልግም።"

"ለምን አያስፈልግም?"

"መጽሐፍሽ አርጅቷል፤ ደብዝዟል። አዲስ እስኪገዛ ድረስ ምርመራው ዋጋ የለውም። ኮንትራትሽ መቼ ነው የሚታደሰው፣ ሲስተር?"

ነርሷ መጽሐፏን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች። በሩን በኃይል ዘጋችው፤ የቻለችው ያን ያህል ነው።

አለቃው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ዓይናማው፣ ና ወዲህ። እህትህ ቋጠሮ እንደምትቋጥር ካወቅኩ ስንት ዓመት የሆነኝ ይመስልሃል? በሦስተኛው ዓመት ነው ያየኋት። ምን ቸገረኝ? ጨርቁ ትክክል ነበር። አሁን ግን ይሄ ወረቀት ወደ ላይ ቢሄድ ከስምህ ሥር ያለው ስም የማን ነው?"

"የእርስዎ" አለ ዓይናማው።

"እንግዲያው ምረጥ። ዓይናማው ነህ፤ ጡረታህን ትወጣለህ፣ ልጅህ ሰኞ ትጀምራለች፣ ቤትህ ውስጥ ትኖራለህ። ወይም ሃያ ስድስት ዓመት ያጭበረበርክ ሰው ነህ፤ ሰኞ ዕቃህን ጫን። ልጆችህንም በዚህ በር አላሳልፋቸውም። የትኛው ነህ?"

ሰውየው አፉን ከፈተ። ያቺን ቃል በጠዋት አንዴ ተናግሯታል፤ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የሚያስወጣት ጉልበት ግን በውስጡ አልነበረም። የኖረበት ግቢ፣ ጡረታ የምትወጣው እህቱ፣ ከቅጠልያ ቀሚሷ ጋር የምትባረረው ሚስቱ ሁሉ አፉ ላይ ተጋፉ። ቀና ብሎ ልጁን አያት፤ እንድትፈርድለት የለመነ ይመስል ነበር። በዚህ ዕድሜው እንኳ ሌላ ሰው እንዲያይለት ፈለገ።

"ሰኞ እጀምራለሁ" አለች ልጅቷ።

"ጎበዝ" አለ አለቃው፤ ነርሷ የጻፈችውን ለሁለት ቀደደው።

ውጭ የቆመው ወንድሟ ፊታቸውን አይቶ ቀድሟቸው ወደ ቤት አቀና። እናትየው ቤት ውስጥ የሴት ልጇን ሻንጣ ማዘጋጀት ጀምራ ነበር፤ ሦስት ቀን ክፍት ሆኖ አልጋው ላይ ቆየ፣ ባዶ ያደረገው ማን እንደሆነ አልታወቀም።

ሰኞ ምዝገባው ተከፈተ። ሰኞ እሷም ሥራ ጀመረች። ወንበሩ ከቁመቷ ጋር አልገጠመም፤ እግሯ ወለል አይደርስም። ከገንዳ የወጣውን ሁሉ በመጀመሪያ እይታ ትለየዋለች፤ ከናሙናው ጋር ማስተያየት እንኳ ብዙ ጊዜ አያስፈልጋትም። በማቅለሚያ ክፍሉ ታሪክ እንዲህ ያለ ዓይን ከአያቷ በኋላ አልተቀመጠበትም። ሠራተኞቹ "ዘር ከልጓም ይስባል!" ተባባሉ፤ አባቷንም በመንገድ ላይ ሲያገኙት እንኳን ደስ ያለህ አሉት። ዓርብ ምዝገባው ተዘጋ።

ያን ዓርብ ማታ እራት ላይ አባትየው አንድ ነገር ጠየቀ። በዚያ ቤት ውስጥ ቀለም በግልጽ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነበር፤ ድምፁም የዋህ ነበር።

"ዛሬ ምን ቀለም ነከራችሁ፣ ልጄ?"

ልጅቷ ዳቦዋን ቆረሰች።

"ምን ያደርግልሃል?" አለችው።